የፊት ጎማ

ቴዎፍሎስ ከአንኮበር ሁለት ጠርሙስ ይዞ ደብረ ብርሃን ተመለሰ። በአንዱ እንጀራ እናቱ ወለተ ሥላሴ ያዘዘችው ጠበል ነበር። በሌላው ደግሞ ወደ ቆላው ወርዶ ቁልቋል እየቆረጠ ያጠራቀመው ነጭ ወተት።

ጠበሉን ሲያቀብላት ክዳኑ ላልቶ ጥቂት መሬት ላይ ፈሰሰ። እግሩን ሊያነሣ ሲል ጮኸችበት።

«ቁም! ጠበል ይረገጣል?» ተንበርክካ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው።

«ይቅርታ እትዬ፣ አላየሁትም።»

«ያኛውስ ምንድነው?»

«እሱን እንዳትነኪው። ዓይን ያጠፋል። ለነቢዩ ጎማ ነው።»

ወለተ ሥላሴ አማተበች።

ነቢዩ የሆዷ ልጅ ነው። ቴዎፍሎስ ግን የሟች ባሏ ልጅ ነው እንጂ የእሷ አይደለም። ብስክሌቱም መጀመሪያ የቴዎፍሎስ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት የጣርማ በር ቁልቁለት ላይ ወድቆ ጉልበቱ ከተሰበረ ወዲህ ነቢዩ ይነዳዋል። እሁድ ውድድር አለ። ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ፣ በጣርማ በር ዋሻ አልፎ፣ ደብረ ሲና ይገባል። ያሸነፈውን የአዲስ አበባ ክለብ ይወስደዋል። ወለተ ሥላሴ ግን የምትለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጇ ከዚያ ቁልቁለት በደህና እንዲመለስላት።

ለውድድሩ የተገዛው አዲሱ የፊት ጎማ ውስጡ አየር የሚይዝ ላስቲክ፣ ከመነዳሪ፣ የለውም። ጎሚስታው ጋ እንዳይወስዱት መብራት ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ኮምፕሬሰሩ አይሠራም። ስለዚህ ቤት ውስጥ ጀመሩት። ቴዎፍሎስ ቸርኬውን ዙሪያውን በፕላስተር ለጠፈ። የጎማውን ጠርዝ የልብስ ሳሙና አረፋ ቀባ። በላዩ መጫኛ አጥብቆ አሰረ። ነቢዩ ላቡ ጠብ እስኪል በእጅ ፓምፕ ቢነፋ አየሩ በጎን ፉሽ እያለ ወጣ።

«ንፋ እንጂ! ሻይ እያቀዘቀዝክ ነው እንዴ?» አለው ቴዎፍሎስ።

«አንተ ና ሞክረዋ፣ ሽማግሌ!»

ምን አለፋችሁ፣ ቴዎፍሎስ የለስላሳ ፕላስቲክ ጠርሙስ አንሥቶ ክዳኑን በሳው፣ ቱቦ አገባበት። አየር በፓምፕ ሞላውና በአንዴ ወደ ጎማው ለቀቀው። ጧ! ጧ! ጎማው ቸርኬው ላይ ተቀመጠ።

«በሥላሴ! ቦንብ መሰለኝ እኮ» አለች ወለተ ሥላሴ ከጓዳ እየወጣች።

ቴዎፍሎስ የቫልቩን ውስጥ ፈትቶ የቁልቋሉን ወተት በስሪንጅ ጨመረበት። እሷ ቆማ ታያለች።

«ባትፈልጉትስ በየት ይወጣል?»

«በገባበት ነዋ፣ እማዬ» አለ ነቢዩ። «ይቺን ፈትቶ ወደ ታች መድፋት ነው።»

ዓርብ ዕለት ቴዎፍሎስ ብቻውን የቀረ መሰለው። የእንጀራ እናቱን የስፌት ወስፌ አነሣና የፊቱን ጎማ ሦስት ቦታ ወጋው። ነጭ ጠብታ ብቅ አለ። በአውራ ጣቱ ጠረገና ፈገግ አለ። ወለተ ሥላሴ ከመጋረጃው ኋላ ነበረች።

«ይኼ ልጅ ጎማህን ወግቶታል» አለችው ለነቢዩ። «በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።»

ነቢዩ ጎማውን ጨመቅ አደረገ። «ድንጋይ ነው እኮ። ምኑ ተወጋ? ወንድሜን ተይልኝ።»

«ወንድምህ! ጉልበቱን እያሸ እንዴት እንደሚያይህ እኔ አውቃለሁ።»

ቅዳሜ ልጇን ወደ ንስሐ አባቱ ላከችው። «ሂድ ጸሎት ያድርጉልህ። ብስክሌቱን እኔ እጠብቀዋለሁ» አለችው። ሲመለስ ወለሉን በሳሙና ስታጥብ አገኛት። ዓይኗ ደም መስሏል።

«አልቅሰሻል?»

«ስጸልይ ነው።»

እሁድ ጠዋት የፊቱ ጎማ ለስልሶ ነበር። ቴዎፍሎስ የለም፤ ወንድሙን ከዋሻው ወዲያ ሊጠብቅ ቀድሞ ሄዷል። ነቢዩ «ሲያድር ትንሽ ይተነፍሳል ብሎኛል» አለና ነፍቶት ወጣ። እናቱ ግንባሩን ስማ ሸኘችው።

ከዋሻው በታች ሦስተኛው ኩርባ ላይ ጎማው ተነፈሰ። ነቢዩ ገደል ገባ። እያነከሰ ወርዶ ሬሳውን በጀርባው ያወጣው ቴዎፍሎስ ነው።

ለቅሶው ላይ ወለተ ሥላሴ ጣቷን ቀሰረችበት።

«እሱ ነው የገደለብኝ! በወስፌዬ ወግቶታል!»

ዘመድ በሙሉ ተነሣበት። ፖሊስ ሲደርስ ሁለት ጥርሱ ወልቆ፣ ያ ጉልበቱ ዳግም ተሰብሮ ነበር።

«ወጋሁት፣ አልካድኩም» አለ ደም እየተፋ። «ቀዳዳ መድፈኑን ልሞክር ብዬ ነው! ወተቱ ደፍኖታል። ጎማውን ክፈቱት፣ ታያላችሁ።»

«ዝም በል፣ አንተ ቃየን!» አለ አንዱ።

መርማሪው ጎማውን ግቢው መሃል አስመጣ። ሦስቱም ቀዳዳዎች አሉ፤ ሰዉ አጉረመረመ። በቢላ ሰነጠቀው። ወተት የለም። ኩልል ያለ ውኃ መሬቱ ላይ ፈሰሰ።

«ወተቱን ማን ደፋው?» አለ ቴዎፍሎስ። መርማሪው ጠጋ ብሎ ሊያይ እግሩን አነሣ።

«ቁም!» ብላ ጮኸች ወለተ ሥላሴ። «ጠበል ይረገጣል?»