የአያ ዋኘው ጭንቅላት ሲፈተሽ

ትርንጎ ልጇን ዝናሽን ለእንዳልካቸው ልትድር ድንኳን እስከ መምረጥ ደርሳ ነበር። ሰውየው ማክሰኝት ላይ እህል የሚነግድ፣ አራዳ ውስጥ ፎቅ ቤት የሠራ ጨዋ ሰው ነው። ዕድሜው ገፋ ማለቱን ትርንጎ እንደ ጉድለት አላየችውም፤ የበሰለ ነው አለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትመኘው ይህንኑ ነበር፤ ልጇን ደልቷት ማየት። ዝናሽ ስለ ጉዳዩ ምንም አላለችም። ዝምታዋን እናቷ እሺታ አደረገችው።

የቀረው ዘር ማስቆጠር ነበር። እስከ ሰባት ቤት ድረስ ደም የሚገናኝ አይጋባም፤ የሁለቱንም ወገን ትውልድ በቃላቸው የሚያውቁት ደግሞ የማክሰኝቱ ሽማግሌ አያ ዋኘው ናቸው። ለወጉ ያህል ተብሎ ተላከባቸው። አያ ዋኘው ቁስቋም ሰፈር ትርንጎ ቤት ድረስ መጥተው፣ ጠላቸውን ጠጥተው፣ ቆጠሩ ቆጠሩና ስድስተኛው ቤት ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይገናኛሉ» አሉ። «በወይዘሮ ይመኙሻል በኩል። አንድ ዓይና ነበረች፤ በቅሎ ትወዳለች፤ የሞተችውም ከበቅሎ ወድቃ ነው።»

ትርንጎ በዘሯ ይመኙሻል የምትባል ሴት ሰምታ አታውቅም። ሽማግሌው ጃጅተዋል አለች። ማስረጃም ነበራት። በዚያው ቀን ከዘራቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ከዘራዬ ወዴት ገባ እያሉ ግቢውን ሲያምሱ በዓይኗ አይታለች።

ዝናሽ ግን በዚህ አልተስማማችም። ባለፈው ሰሞን ዘመድ ልትጠይቅ ማክሰኝት ሄዳ ሽማግሌውን አግኝታቸው ነበርና፣ አእምሯቸው ሸጋ ነው አለች። እናቷ ይህን የልጅ የዋህነት ነው ብላ አለፈችው። ልጅቱ ባል አምልጧት ሽማግሌ ታስታምማለች።

ደግነቱ ፍርድ የሚሰጥ ሰው ከግቢዋ አልጠፋም። ህሩይ ጓሮ ያለችውን ክፍል ተከራይቶ የሚኖር፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለ ሰው አእምሮ አሠራር የሚያስተምር ጎልማሳ ነው። አገሩ ሩቅ ነው፤ እዚህ ዘመድም ወገንም የለው። እራት ሲጠሩት የሚያስተምረውን ይተርክላቸዋል። ሰው አንዱን ነገር አትኩሮ ሲመለከት በአጠገቡ የሚያልፈውን አያይም ይላል። ትዝታም እንደ ጎተራ እህል ባስቀመጡት ቦታ አይገኝም፤ በተነገረ ቁጥር እንደ አዲስ ይሠራል፤ ስለዚህ አንድን ነገር ደጋግሞ ሲያወራ ቃል በቃል አንድ የሚሆንለት ሰው የለም ይላል። ትርንጎ ትስቅበት ነበር። ይህን ለማወቅ ነው ይህን ሁሉ ዓመት የተማርኸው ትለዋለች።

አሁን ግን ጠራችው። አያ ዋኘውን ፈትሽልኝ፣ እንዳልካቸውና እናቱም ባሉበት ይሁን አለችው። ህሩይ ላብ በላብ ሆነ። ሽማግሌ መፈተን ነውር ነው፣ እባክዎ እትዬ ትርንጎ ይቅርብኝ እያለ ለመናት። በለመናት ቁጥር ይበልጥ አመነችው። እንዲህ የሚሸሽ ሰው አያዳላም።

ቅዳሜ ሁሉም ተሰበሰቡ። አያ ዋኘው መደብ ላይ ተቀምጠው ህሩይን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ምነው ልጄ፣ እንደ በሬ ልትገዛኝ ነው? በል ጥርሴንም እየው።»

ህሩይ ቀኑን ጠየቃቸው፤ ከነበዓሉ ነገሩት። ከመቶ ላይ ሰባት ሰባት እየቀነሱ ይቁጠሩ ሲላቸው፣ ሰባት ሰባቱን የሚወስደው ማን ነው ብለው ጠየቁ። ሌባው ካልታወቀ አልቀንስም አሉ።

«ይኸው!» አለች ትርንጎ። «አልጃጁም ትላላችሁ?»

«እትዬ፣ ንብረቱ የት እንደሚገባ የሚጠይቅ ሰው አልጃጀም» አለ ህሩይ። እንዳልካቸው ነጋዴ ነውና ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

በመጨረሻ ዘሩን እንዲቆጥሩ ጠየቃቸው። ሦስት ጊዜ አስቆጠራቸው። ሦስቱንም ጊዜ ስድስተኛው ቤት ላይ ቆመው፣ አንዲት ቃል ሳያዛንፉ፣ አንድ ዓይና ነበረች፤ በቅሎ ትወዳለች፤ የሞተችውም ከበቅሎ ወድቃ ነው አሉ። ዝናሽ በሩን ተደግፋ ቆማ ከንፈሯ አብሮ ይንቀሳቀስ ነበር። ጸሎት ላይ ናት ብላ ትርንጎ አዘነችላት።

ያን ጊዜ የእንዳልካቸው እናት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። እናቴ ስለ አንዲት አንድ ዓይና ሴት ስታወራ ትዝ ይለኛል፣ ማጀት ቁጭ ብዬ ነው የሰማሁት አሉ። እንዳልካቸውም፣ ለካ በቅሎ መውደዴ ከዘር ነው አለ። ጥቂት ቆይቶ ለትርንጎ ራሷ ይመኙሻል የሚለውን ስም በልጅነቷ የሰማችው መሰላት፤ እንዲያውም የበቅሎዋ መልክ ሁሉ ዓይኗ ላይ መጣ። ዳማ ነበረች።

«እንግዲህ ምን ይሻላል?» ብላ ወደ ህሩይ ዞረች።

ህሩይ መሬት መሬት እያየ፣ የአያ ዋኘው አእምሮ ከእኔም የተሻለ ነው አለ።

ነገሩ በሰላም አለቀ። የእንዳልካቸው እናት፣ ለካ ዘመድ ነን ብለው ትርንጎን አቅፈው ሳሟት፤ ለፋሲካ እንጠያየቅ ተባብለው ተለያዩ። ትርንጎ ስለ ፎቁ ቤት አለቀሰች። ከዚያ ልጇን አየችና የባሰ አለቀሰች፤ ዝናሽ ከሐዘን ብዛት ይመስላል ሳህን እያጠበች ታንጎራጉር ነበር።

በሳምንቱ እሑድ ትርንጎ ከቅዳሴ ስትመለስ ሦስት ሽማግሌዎች ደጇ ላይ ቆመው አገኘች፤ ግቡ ተቀመጡ ብትላቸው እንቢ አሉ፤ ከፊት የቆሙት አያ ዋኘውም ጉሮሯቸውን ጠርገው «ልጅሽን ለልጃችን ለህሩይ እንድትሰጪን ነው የመጣነው» አሏት።