በፎይል የተጠቀለለው መታወቂያ

ላስሚ መታወቂያዋን በአልሙኒየም ፎይል መጠቅለል ከጀመረች ወዲህ የጨርቅ መደብሩ ሠራተኞች ሁሉ ይስቁባታል።

«ዓሣ ልትጠብሺ ነው?» አለቻት አብራት የምትሸጠው ቱቲክ።

«አትሳቂ። ካርዱ ውስጥ ቺፕ አለ። መሣሪያ የያዘ ሰው አጠገብሽ ከቆመ ቦርሳሽን ሳይከፍት ያነበዋል።»

«ያንብበዋ! ዕድሜሽን አውቆ ምን ሊያደርግ?»

ላስሚ ካርዱን ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ባለፈው ሳምንት ጥርሷን አሟት ክሊኒክ ሄዳ ነበር። ካርዷን ማሽኑ ላይ አስነክተው አውራ ጣቷን እንድታሳርፍ ሲጠይቋት፣ ሕክምናውን ትታ ወጥታ ሄደች።

ሰውየውን አውቶቡስ ውስጥ ያየችው ከዚያ ወዲህ ነው። ቀጭን ነው፤ ጥቁር ቦርሳ ደረቱ ላይ አንግቷል። በግፊያው መሀል እየተሹለከለከ ተጠጋት። ቦርሳዋን አቅፋ ያለ ፌርማታዋ ወረደች። በማግስቱም እዚያው አውቶቡስ ውስጥ ነበር።

ቱቲክ ይህን ስትሰማ ሳቋ ጠፋ። ላስሚ ክንዷን ከሰበራት ባሏ ሸሽታ እንደመጣች ታውቃለች።

«እሱ ልኮት ቢሆንስ?»

«እሱስ አይፈልገኝም።»

«በምን እርግጠኛ ሆንሽ?»

«አይፈልገኝም አልኩሽ እኮ!»

አመሻሹ ላይ ከመደብሩ ስትወጣ ሰውየው ከመንገዱ ማዶ ቆሟል። ላስሚ ገበያው ውስጥ ገባች። ቶፉ የሚባለውን የአኩሪ አተር አይብ ጠባሾቹን አልፋ፣ በቃሪያው ክምር በኩል ታጠፈች። እሱም ታጠፈ። መሮጥ ጀመረች። መተላለፊያው ግን መውጫ አልነበረውም።

«እጮኻለሁ!»

«እባክዎ አይጩሁ፣ ሌባ አይደለሁም።» ባዶ እጆቹን ዘረጋላት። «ክሊኒኩ ውስጥ ከመስታወቱ ጀርባ ነው የምሠራው። ካርድዎ ሲነበብ ኮምፒውተሬ ላይ የእህቴ የወኒንግ ስም ወጣ። ፎቶውም የእሷ ነው።»

ላስሚ ግድግዳውን ተደገፈች።

«መሬቱ ተንዶ ትኖርበት የነበረውን ሰፈር ከዋጠው ወዲህ ደብዛዋ የለም። እናታችን ትመጣለች እያለች እስካሁን በሯን አትቆልፍም። ካርዱን ከየት አመጡት አልልዎትም፤ ለማንም አልናገርም። ያለችበትን ብቻ ይንገሩኝ።»

ላስሚ ካርዱን ከቦርሳዋ አውጥታ ፎይሉን ገለጠችለት።

«መቃብሯ ላይ የተጻፈው» አለች፣ «የኔ ስም ነው።»