የዋሻው ስም ጥሪ

በ፲፱፻፸፫ ዓ.ም. ሚያዝያ ወር፣ አንድ እሑድ ረፋድ ላይ ከሰቆጣ ወጣ ብሎ ያለውን የጥንት ዋሻ ሊጎበኙ ከመጡት ቤተሰቦች መካከል ወይዘሮ ጥሩሐረግና የሰባት ዓመት ልጇ ደጅይጥኑ ነበሩ። ጉብኝቱን ያዘጋጀው የቀበሌያችን ወጣት ማኅበር ሊቀ መንበር ጓድ ሙሄዲን ነበር። የስም ዝርዝሩን የያዝሁት እኔ ነኝ።

መሐል ስንደርስ የመግቢያው ብርሃን አልታይ አለን። ሙሄዲን ባትሪውን አብርቶ፣ «ስም ጥራ፤ ሰው እንዳይጎድልብን» አለኝ።

ጥሩሐረግ ክንዴን ያዘችኝ። «እዚህ ውስጥ ሰው በስሙ አይጠራም። እናቶቻችን እንኳ በጭብጨባ ነበር የሚጠሩን። የኔዋን ተዋት፣ ወንድምዬ።»

«ታዲያ እንደ ሠርግ ቤት እናጨብጭብ እንዴ፣ እትዬ?» አለ ሙሄዲን። ሰዉ ሳቀ።

ሰው ፊት ድምፄ አይወጣም፤ በጨለማው ግን ደፈርሁና ሁሉንም ጠራሁ። ደጅይጥኑም በቀጭን ድምፅ «አቤት» አለች።

ወጥተን ፀሐይ ላይ ቆምን። ጥሩሐረግ ለልጇ ዳቦ ቆርሳ ሰጠቻት። ውኃ ትፈልግ እንደሆነ ስትጠይቃት ልጅቱ ራሷን ብቻ ነቀነቀች።

«ምነው ልጄ፣ ተናገሪ እንጂ» አለች እናት፣ ጉሮሮዋን እየዳበሰች።

ሙሄዲን ለመሄድ ቸኩሎ ስለነበር ዝርዝሩን ቶሎ እንድደግመው አዘዘኝ። ደጅይጥኑን ስጠራ ልጅቱ ከፊቴ ቆማ አፏን ከፈተች። «አቤት» የሚለው ድምፅ ግን ከዋሻው ውስጥ መጣ።

እናቷ ባትሪውን ከሙሄዲን እጅ ወስዳ ተመልሳ ገባች።