አማርኛው የት አለ?

«አማርኛው የት አለ?» ይላል መምህር ታዴዎስ፣ ወረቀቱን በጠረጴዛው ላይ ወደ ኡበይዳ እየገፋ።

ኡበይዳ ወረቀቱን አይነካውም። የራሱ ጽሑፍ ነው። «የማልረሳው ሰው» በሚል ርዕስ በእንግሊዝኛ ጽፋችሁ አምጡ ሲባሉ ስለ ሟች እናቱ ጽፎ ያስገባው ሁለት ገጽ። ግን መምህር እጅ የገባ ወረቀት ማስረጃ ነው፤ ማስረጃ ደግሞ አይነካም።

«የምን አማርኛ፣ ቲቸር?»

«መጀመሪያ በአማርኛ ጽፈኸው፣ ኋላ በስልክህ ያስተረጎምከው ነዋ።»

መጣ። ከጠዋት ጀምሮ ሲፈራው የዋለው ጥያቄ ይኸው መጣ። ባለፈው ሴሚስተር አንድ ሌላ መምህር በማሽን አስተርጉመዋል ያላቸውን ልጆች ኮርሱን አስደግሟቸዋል። ኡበይዳ አንድ ኮርስ ደገመ ማለት ትምህርቱ አበቃ ማለት ነው። ሚሌ ላይ የሹፌሮች ምግብ ቤት ያለው አባቱ ሁለተኛ ዕድል የሚሰጥ ሰው አይደለም፤ «በቃህ፣ ና ትሪ አመላልስ» ነው የሚለው።

«በቀጥታ በእንግሊዝኛ ነው የጻፍኩት» ይላል። «ወላሂ» ምላሱ ጫፍ ላይ ይደርስና መልሶ ይውጠዋል። ለማርክ ብሎ በጌታው ስም በውሸት አይምልም።

ግቢ በገባ ሰሞን ክፍል ውስጥ ቆሞ አንድ ነገር በእንግሊዝኛ ሲጀምር የሳቁበት ሳቅ እስከ ዛሬ ጆሮው ውስጥ አለ። ማሽኑ አይስቅም። ኡበይዳ ያሰበውን በአማርኛ ይሰጠዋል፣ እሱም ሱፍ ከነክራባቱ አልብሶ ይመልስለታል። ክፍሉ ውስጥ ይህን የማያደርግ ተማሪ የለም፤ አደርጋለሁ ብሎ የሚያምንም የለም።

መምህሩ ፈገግ ይላል። «ለጥናቴ ብዬ መጠይቅ በትኜላችሁ አልነበር? የትርጉም ማሽን ትጠቀማላችሁ ወይ የሚል። ሁላችሁም ‹ተጠቅሜ አላውቅም› አላችሁ። ጥያቄው እኮ በእንግሊዝኛ ነበር! በስልካችሁ እያስተረጎማችሁ ስታነቡት ከፊታችሁ ቆሜ አይ ነበር። እና ጥናቴ ያው ውሸታችሁ ሆኖ ቀረ። እስቲ አንተ ንገረኝ፣ ምን አስፈርቷችሁ ነው?»

ኡበይዳ አይስቅም። የሚያስቅህን ሰው ኪስህን ይዘህ ስማው ይላል አባቱ።

«እኔ ፖሊስ አይደለሁም» ይላል መምህሩ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ይኼን ጽሑፍህን መልሼ በማሽኑ ወደ አማርኛ አስተረጎምኩት። ተሰባብሮ ነው የመጣው። ቢሆንም መሀሉ ላይ አንዲት ሴት አየሁ። አንተ በጻፍክበት አማርኛ ላያት ፈልጌ ነው፣ ሌላ ነገር የለውም።»

ኬላ ባለበት ከተማ ያደገ ልጅ «ፖሊስ አይደለሁም» ብሎ የሚጀምር ሰው ማን እንደሆነ አይጠፋውም።

«አማርኛ የለም፣ ቲቸር።»

«እሺ።» መምህሩ ከመሳቢያው ባዶ ወረቀት ያወጣና እስክሪብቶ ደርቦ ፊቱ ያስቀምጥለታል። «ስለ እናትህ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ጻፍልኝ። በአማርኛ፣ እዚሁ።»

ይኸው ወጥመዱ! አሳምሮ ከጻፈ ያ እንግሊዝኛ ከየት እንደመጣ ታወቀበት፣ አለቀለት።

እስክሪብቶውን ገና ሲይዝ ዐረፍተ ነገሩ ራሱ ይመጣል። እናቴ ከጅቡቲ የሚመጣውን መኪና ሳታየው፣ በክላክሱ ብቻ ሹፌሩን ታውቀው ነበር፤ በሞተችበት ሳምንት እንኳ ከተኛችበት ሆና «ፈንታ መጣ፣ ጨጓራ አለበት፣ በርበሬ እንዳታበዙበት» ትለን ነበር። ይህን ሁለቱ ገጽ ላይ እንኳ አላሰፈረውም። አሁን ቢጀምረው እጁ የሚቆም አይመስለውም፣ እንዲቆምም አይፈልግም፤ እናቱ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ቀርባው አታውቅም።

ቀና ሲል መምህሩ እጁን እያየ ነው።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ኡበይዳ ጎንበስ ብሎ ይጽፋል፦ «እናቴ በጣም ጥሩ ሴት ነበረች።»

መምህሩ ወረቀቱን አንስቶ ያነባል። ይገለብጠዋል፤ ጀርባው ላይ ምንም የለም።

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

መምህሩ ወረቀቱን አስቀምጦ ያየዋል። ቢቆጣ ለኡበይዳ ይሻለው ነበር፤ ቁጣን ከአባቱ ቤት ጀምሮ ያውቀዋል። ይኼ ግን የተቆጣ ሰው ፊት አይደለም።

«ይሁን» ይላል በመጨረሻ። «ማርክህን አልነካውም። ሂድ።»

አመለጠ! ኡበይዳ ቦርሳውን አንስቶ ይፈተለካል። እስከ በሩ ድረስ ደስ ብሎታል።

«ኡበይዳ» ይላል መምህሩ ከኋላው። «ስሟ ማን ነበር?»

ኡበይዳ የበሩን እጀታ እንደያዘ ይቀራል። አሁን ደግሞ ስም! ስሟ ምን ያደርግለታል? ሬጅስትራር ካለው ፋይል ጋር ሊያመሳክር ነው?

«ለምን ፈለጉት፣ ቲቸር?»

መምህር ታዴዎስ ከወንበሩ ተነስቷል። ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው እጆቹን ከፊቱ አጣምሮ ቆሟል።

«ነፍስ ይማር ልላት ነበር» ይላል። «እንዲሁ በደፈናው ደስ አይልም ብዬ ነው።»

ኡበይዳ «አመሰግናለሁ» ብሎ ይወጣል። ኮሪደሩን ጨርሶ የሰመራ ፀሐይ ግንባሩን ስትለው ነው ስሟን ሳይናገር መውጣቱ የሚገባው።