የቧንቧው ምረቃ

ዲጋ ውስጥ አንድ ቧንቧ በከፍተኛ ክብር እንደሚመረቅ ለሰፊው ሕዝብ ተበሰረ። በደመወዟ ያስተከለችው ቤይሩት በሰው ቤት የምትሠራው ሊሊሴ ነበረች። አባቷ ኦቦ ጨመዳ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ከሪባኑ ጎን ቆመዋል።

"አባኮ፣ ማዳም ከሻወር ልትወጣ ነው፤ ካየችኝ ስልኩን ትነጥቀኛለች። የውሃውን ድምፅ ቶሎ ያሰሙኝ" አለች በሹክሹክታ።

መራቂው ሹም ግን ስለ ራሳቸው ድካም የጻፉትን ንግግር ገና ሦስተኛ ገጽ ላይ አድርሰውታል። ኦቦ ጨመዳ ሪባኑን በጉልበታቸው በጥሰው ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈቱትና ስልኩን አስጠጉት። ውሃው ሹሙን ከነወረቀታቸው አራሰ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ከስልኩም ውስጥ የታፈነ እልልታ ወጣና መስመሩ ተቋረጠ።

"ኦቦ ጨመዳ፣ ምን ነካዎት?" አሉ ሹሙ ፊታቸውን እየጠረጉ።

ሽማግሌው ስልኩን ኪሳቸው ከተቱ።

"እኔ ንግግር አላደርግም፤ ልጄ የውሃውን ድምፅ ሰምታለች።"