ጋኔኑ ስሙን ሲናገር

ሃያሲው በቴሌግራም ገጹ ላይ «አትዩት» ብሎ ከጻፈ ወዲህ፣ ፈረሰኞችና አጋንንት የሚተላለቁበት ያ የጥንት ዘመን ፊልም በሰፈሩ ቪዲዮ ቤት ለባዶ ወንበር መታየት ጀመረ። ፊልሙንስ አልጠላውም ነበር፤ ያስመረረው በማይክ ቀጥታ የሚተረጉመው ጋሽ ውብሸት ከራሱ እየጨመረ ማውራቱ ነው። ቢሆንም የሰው እንጀራ ነውና ፍርዱን ሊያጣራ እሑድ ከሰዓት ትኬት ቆርጦ ገባ። የሚገርመው፣ ዕለቱ እሑድ ስለሆነ ይሁን አይታወቅም፣ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። እንደ ምንም ከኋላ ቦታ አገኘ።

ፊልሙ እኩሌታ ላይ ሲደርስ ጋኔን የያዘው ፈረሰኛ መሬት ላይ ተንፈራገጠ፤ መነኩሴው መስቀሉን አነሣ። ጋሽ ውብሸትም እንደ ጠበል ቦታ አጥማቂ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አንተ ርኩስ፣ ስምህ ማነው?»

«አቤሴሎም!» አለ ራሱ ጋሽ ውብሸት መልሶ፣ ድምፁን አጎርንኖ ጋኔን ሆኖ።

ሃያሲው በተቀመጠበት ደረቀ። የገዛ ስሙ ነው።

«የት አግኝተህ ያዝከው?»

«ቴሌግራም ላይ!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

«ምን ልታደርገው?»

«ፊልም እንዳያይ ዓይኑን ልጋርደው!»

«ትለቃለህ አትለቅም?»

«አቃጠልከኝ! እለቃለሁ፣ እወጣለሁ!»

ሃያሲው ከዚህ በላይ አልቻለም፤ አጎንብሶ ወደ በሩ አመራ።

«በምን ምልክት ትወጣለህ?»

«ነገ ‹እዩት› ብዬ ጽፌ!»

በሩን ሲከፍት የቀን ብርሃን ፊቱ ላይ ወደቀበት። አንዲት እናት ዞር ብለው አዩትና እልልታቸውን አቀለጡት፤ ቤቱም ተቀበላቸው።

በማግስቱ ጠዋት ገጹ ላይ አንድ መስመር ብቻ ወጣ፦

«እዩት። በተለይ ጋኔኑ ጥሩ ተጫውቷል።»