ከቃጠሎው በታች

«ሸሚዝ ሲጨማደድ፦ ፊዚካዊ ለውጥ» ብዬ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። «ሲተኮስም ፊዚካዊ። ያው ሸሚዝ ነው፤ አዲስ ነገር አልተፈጠረም።» መምህራችን ከየቤታችሁ አሥር ለውጥ ለይታችሁ አምጡ ብለውናል። ስምንት ደርሻለሁ። በጉብዝናዬ እየተገረምኩ ዘጠነኛውን ሳስብ አንድ ነገር ይሸተኛል።

ካውያው!

ብድግ አደርገዋለሁ። የአባዬ ነጭ ሸሚዝ የፊት ጫፍ ላይ የካውያው አፍንጫ ቡናማ ሆኖ ታትሟል። በጥፍሬ እፍቀዋለሁ፤ ምራቅ እቀባዋለሁ። ወይ ፍንክች! አባዬ ከሞተ አምስት ዓመቱ ነው፤ ከልብሱ የቀረን ይሄ ብቻ። እማዬ ለነገው የክፍል ፎቶ በኔ ልክ ልታሳንስልኝ ነበር።

«ምን አቃጠልሽ?» ትላለች ከስፌት መኪናዋ።

«ምንም!»

«ምንም እንዲህ ይሸታል?»

መኪናው ዝም ይላል። ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች መጥታ ትቆማለች።

«እማ፣ ኬሚካዊ ለውጥ ነው» እላለሁ። «ቀለሙ ተቀየረ፣ ሸተተ... ወደ ነበረበት አይመለስም።» ልቀልድ ነበር፤ አልሆነልኝም።

እማዬ አትቆጣም። ሸሚዙን አገላብጣ የኋላውን ጫፍ ታሳየኛለች። እዚያም የካውያ አፍንጫ አለ፤ ትንሽ፣ የደበዘዘ።

«ይሄ ደግሞ የማን ነው?»

«የኔ። በተጋባን በሳምንቱ። ስንት አለቀስኩ መሰለሽ!»

«አባዬስ?»

«‹ሱሪ ውስጥ ለሚገባ ነገር እንባሽን ትጨርሻለሽ?› አለኝ። ከዚያ መሥሪያ ቤት ሄዶ ‹ሚስቴ ፈርማብኛለች› እያለ ለሰው ሁሉ ሲያሳይ ዋለ።»

«ልብስ ሰፊዋ እንዲህ ነበረች ለካ!»

«ዝም በይ፣ ምላሳም!» ትላለች። ትስቃለች ግን።

ሸሚዙን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ ከፊትም ከኋላም ከቃጠሎው በላይ በሰማያዊ ጠመኔ ታሰምራለች። በዚያ ከተቆረጠ ሁለቱም ይወገዳሉ። መቀሱን ታነሳለች። ሁለቱን ቃጠሎዎች ታያለች።

ከዚያ መስመሩን በመዳፏ ታብሰዋለች፤ ብን ብሎ ይጠፋል። ዘጠነኛዬን አገኘሁ፤ ፊዚካዊ።

አዲሱን መስመር ታች፣ ጫፉ ጋ ታሰምራለች።

«ይረዝምብኛል እኮ፣ እማ።»

«ጉርድሽ ውስጥ ይገባል።»

መቀሱ ከሁለቱ ቃጠሎዎች በታች ቀስ ብሎ ያልፋል።